ለልምምድ ቦታ ዘመድ የሌለው ተማሪ



ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን ወላጆች ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ ነው። «ልጃችን የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ከፋብሪካዎችና ከድርጅቶች ጋር አብሮ ለመሥራት መፈራረሙን በቴሌቪዥን ሰማን፤ ታዲያ ሲመረቅ ሥራ ያገኛል ማለት ነው?» ይሉናል። ዜናውን እኛም አይተነዋል። ሁለት ኃላፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይፈርማሉ፣ ማኅደር ይለዋወጣሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ወረቀቱ የመግባቢያ ሰነድ ይባላል። ስሙ እንደሚናገረው መግባባትን እንጂ መቅጠርን አይገልጽም። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ነገሩን ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። የትምህርት ተቋምና የቀጣሪ ድርጅት መቀራረብ በአግባቡ ከተሠራበት የተመራቂውን ዕድል በእርግጥ ይለውጣል። ከሁሉም በላይ የሚለውጠው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ አጎትና አክስት የሌለውን ልጅ ዕድል ነው። ይህን ያልንበትን ምክንያት እንደሚከተለው እናስረዳለን።

በቅድሚያ ጉዳዩ ለአገራችን አዲስ አለመሆኑን ማስታወስ ይበጃል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተቋቋመው በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ፕሮግራም ትብብር ነበር። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች በአንድ ግቢ ይማራሉ፤ ከዚያም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ወጥተው በሽተኛ ያያሉ፣ ምንጭ ያጸዳሉ፣ ስለ ክትባት ያስተምራሉ። ቀጣሪው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር፤ ትምህርቱም የተቀረጸው በዚያው ሥራ ልክ ነበር። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ተማሪዎቹን ከኅብረተሰቡ መካከል እያስገባ የማስተማርን ልማድ ይዞ ተነሣ። የእነዚህ ተቋማት ምሩቃን «የት እቀጠራለሁ?» ብለው ሲጨነቁ አይታዩም ነበር።

ግን ያ ጊዜ ሌላ ጊዜ ነበር። ተመራቂው ጥቂት ነበር፤ ቀጣሪውም መንግሥት ነበር። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው የምደባ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ተባለበት ክፍለ ሀገር ይሄዳል፤ ባይወደው እንኳ እንጀራው ተቆርጦለት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ያ ዋስትና ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የ70/30 መርሕ መሠረትም ከመቶ ሰባ ያህሉ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተደረገ። ይህን ሁሉ ምሩቅ መንግሥት ብቻውን ሊቀጥር አይችልም። የግል ድርጅት ደግሞ የማያውቀውን ሰው መቅጠር ይፈራል። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚለው ሐረግ የሚበዛው ከዚሁ ፍርሃት የተነሣ ነው። ልምድ ሳይኖር ሥራ የለም፤ ሥራ ሳይኖርም ልምድ የለም። ወጣቱ በዚህ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ታዲያ ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ የታሰበው ተማሪዎች ኢንተርንሺፕ የሚሉት የተግባር ልምምድ ነው። በምሕንድስና ትምህርት አንድ ሴሚስተር ያህል ይወስዳል፤ በሌሎች የትምህርት ክፍሎች አጠር ይላል። በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ነገር ነው። በመሬት ላይ እንዴት እንደሚፈጸም ግን ካስተማርናቸው ልጆች የሁለቱን ነገር ብንናገር ይበልጥ ይገልጸዋል።

ሁለቱም ሲቪል ምሕንድስና ያጠኑ፣ በአንድ ዓመት የገቡ፣ ውጤታቸውም የተቀራረበ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ለሁለቱም «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ በእጃቸው ሰጣቸውና «ቦታ ፈልጉ» አላቸው። የመጀመሪያው አጎቱ በአንድ የሥራ ተቋራጭ ዘንድ ፎርማን ናቸው። በማግስቱ ሳይት ላይ ዋለ። ከፕላን ላይ የአርማታና የብረት መጠን ማስላት ተማረ፤ አርማታ ሲሞላ ናሙና ወሰደ፤ ከግንበኛና ከቀን ሠራተኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ አወቀ። ሁለተኛው አባቱ በአንድ የወረዳ ከተማ ቅመማ ቅመም የሚቸረችሩ ሰው ናቸው። ሦስት ሳምንት ደብዳቤውን ይዞ በየበሩ ተንከራተተ። ዘበኞቹ የሚጠይቁት «ማን ጋ ነው?» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ማንም ጋ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ቢሮ ተቀበለው። በዚያ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሲያደርግና ማኅደር ሲደረድር ከረመ። ዩኒቨርሲቲው አማካሪ መምህር መድቦለት ነበር፤ መምህሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አላየውም። የግምገማው ቅጽ ሲደርስ የቢሮው ኃላፊ ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ» ብለው ሞልተው ፈረሙለት።

የሁለቱም ልጆች ማርክ እኩል ተመዘገበ። በትራንስክሪፕቱ ላይ ልዩነት የለም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ በቀረቡ ጊዜ ግን ጠያቂው መሐንዲስ «ሳይት ላይ ምን ሠራህ?» አሉ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ተናገረ። ሁለተኛው የሚናገረው አልነበረውም።

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። አጎትየው የእኅታቸውን ልጅ በማስጠጋታቸው ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም፤ ዝምድናን መቀጠል መልካም ነው። ጥያቄያችን ለዩኒቨርሲቲው ነው። ከድርጅቶች ጋር የተፈራረመው ለማን ብሎ ነው? አጎት ያለው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ስምምነት አያስፈልገውም፤ እሱ ስምምነቱን ይዞ ተወልዷል። ስምምነቱ የሚያስፈልገው ለቅመማ ቅመም ቸርቻሪው ልጅ ነው። የልምምድ ቦታ መፈለግን ለተማሪው የሚተው ተቋም ሰነዱ በመሳቢያ ተቀምጦ ሳለ ዕድሉን ለዝምድና እያከፋፈለ ነው ማለት ይቻላል።

ለመሆኑ ልምምድ ሥራ ለማግኘት ያን ያህል ይረዳል? በዚህ ረገድ አስተያየት ብቻ ሳይሆን ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከ9,000 በላይ ለሙከራ የተዘጋጁ የሥራ ማመልከቻዎችን ለቀጣሪዎች ላኩ። ማመልከቻዎቹ የተምታቱ ሆነው፣ በአንዳንዶቹ ላይ በተማሪነት ዘመን የተደረገ ልምምድ ተጠቅሶ ነበር። ልምምድ የተጠቀሰባቸው ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ14 ከመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። የሚገርመው የቢዝነስ ትምህርት ማጥናት ብቻውን ያመጣው ልዩነት አለመታየቱ ነው።

አሜሪካ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር በአዲስ አበባም የተደረጉ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው በአንደኛው ጥናት ወጣት ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ ተከፋፍለው፣ ለአንዳንዶቹ ወደ መሐል ከተማ እየተመላለሱ ማስታወቂያ እንዲያዩ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ሌሎቹ ደግሞ ማመልከቻ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ ተማሩ፤ ችሎታቸውም ተፈትኖ ውጤቱ በምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርት ገንዘብ የተሰጣቸው ከሌላው የተለየ ነገር አልታየባቸውም። ችሎታቸው የተመሰከረላቸው ግን ገቢያቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። እኛ ከዚህ የምንረዳው የወጣቱ ችግር ከማስታወቂያ ሰሌዳው መራቁ ብቻ አለመሆኑን ነው። ችሎታውን የሚያይለትና የሚመሰክርለት ማጣቱ ይብሳል።

በዚያው በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊዎችና ድርጅቶች በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበት የሥራ ዓውደ ርዕይም በጥናት መልክ ተሞክሮ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ይህን ዓይነቱን ዝግጅት ይወዱታል፤ ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል። በጥናቱ የተገኘው ውጤት ግን የተቀጠረው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ወጣቶቹም ድርጅቶቹም ከመገናኘታቸው በፊት የነበራቸው ግምት ከእውነቱ የራቀ ነበር፤ ከተያዩ በኋላ ዝቅ አደረጉት። ይህም ጥቅም ነው፤ ሥራ ግን አይደለም። በሌላ ጥናት በአገራችን ወጣት ባለሙያዎች ለአንድ ወር ብቻ በተደራጁ ድርጅቶች ውስጥ ገብተው ከመካከለኛ ሥራ አስኪያጆች ጎን እየዋሉ ሥራቸውን እንዲያዩ ተደረገ። ዕድሉ በዕጣ ነው የተሰጠው። ዕድሉ የደረሳቸው በደመወዝ የመቀጠር ዕድላቸው ካልደረሳቸው ተሽሎ ተገኘ። የራሳቸውን ሥራ በመክፈት ረገድ ግን በአማካይ ለውጥ አልታየም። አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ቀን መተያየትና በሥራ ቦታ ወር ሙሉ አብሮ መዋል ምን ያህል እንደሚለያዩ ልብ በሉ።

በመድረሳ ያለፍን ሰዎች ይህ ሊገርመን አይገባም። ደረሳው ኪታቡን ሲጨርስ ኢጃዛ የሚሰጠው ሲያነብብ የሰማው፣ ሲሳሳት ያረመው የገዛ ሸኹ ነው። ያላስቀራው ሰው ቢጽፍለት ማን ይቀበለዋል?

የተግባር ልምምድን በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ውስጥ አስገብተው ካስጀመሩት ሰዎች ስሙ የሚነሣው ኸርማን ሽናይደር የተባለ አሜሪካዊ የምሕንድስና መምህር ነው። ታሪኩ ለእኛም ትምህርት ስላለው ትንሽ እንቆይበት። ሽናይደር በፔንሲልቫንያ በምትገኘው በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር አንድ ነገር አስተዋለ። ከተመረቁት ውስጥ በሥራቸው የተዋጣላቸው ብዙዎቹ ድኅነት አስገድዷቸው እየሠሩ የተማሩት ነበሩ። ድኅነት ያስተማራቸውን ነገር ዩኒቨርሲቲ አስቦ ማስተማር አይችልም ወይ ብሎ ጠየቀ። በዚያ ሐሳቡን የተቀበለው አልነበረም። በ1903 ወደ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረና በከተማው ያሉ የማሽን መሣሪያ ፋብሪካዎችን ባለቤቶች አነጋገረ። የዩኒቨርሲቲው ቦርድም ለአንድ ዓመት እንዲሞክረው ፈቀደለት፤ ነገሩ ቢከሽፍ ግን ኃላፊነት እንደማይወስድ አብሮ አሳወቀው። እ.ኤ.አ. በ1906 በ27 ተማሪዎች ተጀመረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንደኛው አንድ ሳምንት በክፍል ሲማር ሌላው በፋብሪካ ይሠራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። ስለዚህ በፋብሪካው ያለው ቦታ ባዶ አይሆንም፤ ባለፋብሪካውም አይጎዳም። ተማሪው ለሠራበት ይከፈለዋል። ከሁሉ ይልቅ እኛ የምንቀናበት ግን ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ የሚባሉ መምህራን መደበ፤ እነሱም ወደ ፋብሪካው ሄደው ተማሪው ምን እንደሚሠራ ያያሉ፣ ያዩትንም ከክፍሉ ትምህርት ጋር ያያይዙታል። ደብዳቤ ይዞ በየበሩ የሚዞረው ተማሪው አልነበረም፤ አስተባባሪው ነበር። ይህ አሠራር ዛሬም በዚያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲከፈትም ከመጀመሪያው በዚሁ መንገድ ነበር የተነሣው።

ጀርመኖች ደግሞ ከዚህ ያለፈ አድርገዋል። በሽቱትጋርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዳይምለር ቤንዝና ቦሽን የመሰሉ ኩባንያዎች አስበውት የተጀመረው፣ ዛሬ የባደን ቩርተምበርግ ድርብ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ተማሪውን የሚቀበለው ከአንድ ድርጅት ጋር ውል ሲኖረው ነው። ሦስት ወር ያህል ይማራል፣ ሦስት ወር ያህል በድርጅቱ ይሠራል፤ በሁለቱም ጊዜ ደመወዙ አይቋረጥም። ብዙዎቹ ሲመረቁ እዚያው ይቀጠራሉ። ይህን የሰማ ወላጅ «ምነው ለእኛም!» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ዋጋው ይታወቅ። ድርጅት ያልመረጠው ልጅ በዚያ በር አይገባም። ከዚህም ሌላ ትምህርት ለአንድ ቀጣሪ ልክ ሲሰፋ ቀጣሪው ቢዘጋ ወይም ማሽኑ ቢለወጥ ልጁ የሚለብሰው ሊያጣ ይችላል። በአገራችንም አንዳንድ ቀጣሪዎች አሠልጥነው ሲቀጥሩ ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግሏቸው ግዴታ ያስፈርማሉ። ግዴታ መግባት ነውር የለበትም፤ ሳያነቡ መፈረም ግን አደጋ አለው። ስንት ዓመት ነው? ቢለቅ ስንት ይከፍላል? ዋሱ ማን ነው? እነዚህን አባት ወይም ታላቅ ወንድም አብሮ ተቀምጦ ሊያነባቸው ይገባል።

ሌላም ሐቅ አለ፤ ብናልፈው አንባቢን ማታለል ይሆናል። ትስስር ሥራን አይፈጥርም። በአንድ ከተማ ያለው ፋብሪካ በዓመት አምስት ሰው ብቻ የሚቀጥር ከሆነ፣ የተፈረመው ሰነድ የሚወስነው አምስቱ እነማን እንደሚሆኑ ነው እንጂ አምስቱን ሃምሳ አያደርግም። ኢንዱስትሪ በሌለበት አካባቢ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲም ምንም ቢተጋ ተማሪውን ሁሉ የሚያስገባበት አውደ ጥናትና ፋብሪካ አያገኝም። ይህ የተማሪውም የመምህሩም ጥፋት አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ተማሪው የተማረውን ማወቁን ያሳያል፤ እጁ ሥራ መልመዱን ግን አያሳይም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ የትምህርት ክፍል የሚመረጥበት ጊዜ ሲደርስ «ከማን ጋር ተፈራርሟል?» ብሎ መጠየቅ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ይልቅ አምና የተመረቁትን ፈልጋችሁ የልምምድ ቦታውን ማን እንዳገኘላቸው ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ዘመድ? መምህር መጥቶ አያችሁ ወይ? የሠራችሁት ምን ነበር? ከመካከላችሁ ልምምድ ባደረገበት ቦታ የተቀጠረ አለ? አራት ወይም አምስት ምሩቅ ብታነጋግሩ የትምህርት ክፍሉን ጠባይ ታውቁታላችሁ። ተማሪው ደግሞ በልምምዱ ወቅት በየቀኑ የሠራውን በደብተር ይያዝ። ኃላፊው ሲሸኙት «በጣም ጥሩ» ከሚል ቅጽ ሌላ፣ ምን ምን እንደሠራ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲጽፉለት በትሕትና ይለምን። ብዙ ጊዜ አይከለክሉም፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው።

ስለ ሴት ልጆቻችን ለብቻው አንድ ቃል እንበል። ልምምዱ ራቅ ባለ ከተማ ሲሆን ቤተሰብ «ማን ዘንድ ታርፋለች?» ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ መፍትሔው ልጅቷን ከቤቷ አጠገብ ባለ፣ ከትምህርቷ ጋር በማይገናኝ ቢሮ ማስቀመጥ መሆኑ ነው። ፋርማሲ የምታጠና ልጅ በቀበሌ መዝገብ ቤት ከርማ ምን ትማራለች? ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ከተማ እንዲመደቡና ማረፊያ እንዲፈለግላቸው የትምህርት ክፍሉን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው በአንድ ቤተሰብ ሲቀርብ እንደ ማስቸገር ይቆጠራል፤ በአሥር ቤተሰብ ሲቀርብ ግን አሠራር ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል ነጋዴዎች፣ ባለ ጋራዦች፣ አስመጪዎች፣ የክሊኒክና የማተሚያ ቤት ባለቤቶች ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ደብዳቤ የሚመለከታችሁ እናንተን ነው። በዓመት አንድ ተማሪ ብትቀበሉ፣ እሱም የእኅታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ ልጅ ባይሆን፣ አንድ በር ተከፈተ ማለት ነው። የሒሳብ ተማሪ ከሆነ ደረሰኝ ይመዝግብ፣ የመጋዘን ቆጠራ ላይ ይገኝ፤ የማይታይ መዝገብ ካላችሁ እሱን ተዉት። የታክሲና የምሳ ብትችሉለት ታላቅ ነገር ነው፤ ቅመማ ቅመም የሚቸረችሩት አባት የማይችሉት እሱን ነውና። ሻይ አመላላሽ ግን አታድርጉት። የግምገማውን ቅጽ ስትሞሉም ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ደካማ ከሆነ ደካማነቱን በምክር ንገሩት። በየዩኒቨርሲቲው የትስስር ጉዳይን የሚከታተል ጽሕፈት ቤት ስላለ ወደዚያ ሄዳችሁ «አንድ ሰው እቀበላለሁ» ብላችሁ ብትመዘገቡ፣ ዝምድና ሳይጠየቅ ተማሪ ይላክላችኋል።

በሚቀጥለው ወር እትማችን የሥራ ማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ዝግጅትን በተመለከተ ይዘን እንቀርባለን፤ ኢንሻአላህ። ልምምድ የጨረሳችሁ ተማሪዎች ያጋጠማችሁን ብትጽፉልን ጽሑፋችን ይበልጥ ይዳብራል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።